በሽቦ የማይነገር

ስልክ ቤት ሠርቶ የማያውቅ ሰው፣ ወደዚያ የሚመጣ ሁሉ ሊደውል የሚመጣ ይመስለዋል። ውሸት ነው። ናዝሬት ውስጥ ግማሹ የሚመጣው ሊጠይቅ ነበር። የሚፈልገው ሰው ስልክ የለው፣ እሱም የሚደውልበት ገንዘብ የለው፤ ጥያቄ ግን አለው። በመስኮቴ ጭንቅላቱን ያስገባና «እህት ዓለም፣ ከሻሸመኔ የተነሣው አውቶቡስ መቂን አልፏል?» ይለኛል። ነጋዴዋ ትመጣና «እስቲ ዓለም ጤናን ጠይቂልኝ፤ ሽንኩርቱ ተነቅሏል ወይስ ገና መሬት ውስጥ ነው?» ትላለች። ልጇን ዝዋይ የዳረች እናት ደግሞ «ዝናብ አለ ወይ እዚያ?» ብላ ትጀምራለች። ዝናቡ ምኗም አይደለም። የምትጠይቀው ልጅቷ ወለደች አልወለደች እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

እኔ ማትሪክ ነጥብ አልመጣልኝ ሲል፣ ቤት መቀመጥም አልሆንልኝ ሲል፣ እዚያ የገባሁ የማዞሪያ ሠራተኛ ነበርኩ። ፊቴ ቀዳዳ ብቻ የሆነ ሰሌዳ አለ። አንዱ ቀዳዳ ሞጆ ነው፣ አንዱ ዓለም ጤና፣ አንዱ መቂ፣ አንዱ ዝዋይ፣ አንዱ ቡልቡላ፤ እንዲህ እያለ እስከ ሻሸመኔ ይወርዳል። በየቀዳዳው ጫፍ እንደኔው ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ የሰካች አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ተያይተን አናውቅም። በስምም አንጠራራም፤ በከተማችን ነው። እኔ ናዝሬት ነኝ። እሷ ዝዋይ ናት።

ጥያቄ ሲመጣልኝ ገመዱን ሰክቼ «ዝዋይ!» እላለሁ። ዝዋይ አንገቷን በመስኮቷ ታወጣና ከፊቷ ያገኘችውን ትጠይቃለች፤ ጋሪ ነጂውን፣ ሻይ የምትሸጠዋን፣ ዓሣ አንጠልጥሎ የሚያልፈውን። ከዚያ ትመለሳለች። «ጋሪ ነጂው ትናንት እንደ ጉድ ዘንቧል ይላል። ሻይ ሻጯ ደግሞ ውሸቱን ነው፣ ጠብ አላለም ትላለች። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። የወደድሽውን እመኚ።» መልስ ማለት ይሄ ነበር። ከማን እንደመጣ የማይታወቅ መልስ አልነበረንም።

በደንቡ ከሄድን ይሄ ሁሉ ክልክል ነው። አለቃችን «ጓዲት፣ መስመሩ የአብዮቱ ነው፣ የሽንኩርት አይደለም» ይለኛል ጠዋት ላይ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ራሱ ከኋላዬ መጥቶ ጉሮሮውን ይጠርግና «እስቲ ሻሸመኔን፣ ድንች እንዴት ነው በያት» ይላል። ያልጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘማች ነገር። ልጁ ግንባር የሄደበት ሰው መስኮቴ ጋ ሲቆም ከአቋቋሙ አውቀዋለሁ። መጠየቅ እንደማልችል እሱም ያውቃል። ትንሽ እንተያያለን፣ ከዚያ «በይ ደኅና ዋይ» ብሎኝ ይሄዳል።

አባቴ ሾፌር ነበር። ኤንትሬ ይነዳል፤ ያንን አፍንጫውን ወደ ፊት የቀሰረ የጣሊያን የጭነት መኪና። ከናዝሬት ሻሸመኔ፣ ከሻሸመኔ ናዝሬት፣ አንዳንዴም ወደ ታች እስከ ዲላ። ልጁ ማዞሪያ ከገባች ወዲህ አንድ ነገር ለምዶ ነበር፤ በየከተማው ስልክ ቤት ፊት ሲደርስ ጡሩንባውን ሳይነፋ አያልፍም። መስመሩ ሁሉ ያውቀዋል። እናቴ በመስኮቴ መጥታ «ያ ሰውዬ የት ደረሰ?» ትለኛለች። በስሙ ጠርታው አታውቅም፣ ሁሌም ያ ሰውዬ ነው። መቂ ካልኳት ቤቷ ሄዳ ወጡን ትጥዳለች፣ ሞጆ ካልኳት ታወጣዋለች።

«አንቺ ምላሳም!» ትለኛለች ዝዋይ። «አባትሽ አሁን አለፉ። መስኮቴን በአቧራ ሞልተውት።»

«ጥረጊያ አልገዛልሽም መንግሥት?»

«ይሄን አፍ ይዘሽ ባል አታገኚም።»

«ያንቺው የታለ? እስቲ አንገትሽን አውጪና ፈልጊው፣ ሻይ ቤት ይሆናል።»

እንዲህ ነበር የምንዋደደው። ስድብ ስናጣ ነው የምንጨነቅ።

ቡልቡላ ብቻ ሴት አልነበረም። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ንግግራቸው በኦሮምኛ ይጀምርና በአማርኛ አቋርጦ በኦሮምኛ ያልቃል። «አካም ቡልቴ፣ ናዝሬት?» ይሉኛል ጠዋት ጠዋት። «ነጋ፣ ጋሼ» እላለሁ። ከሰላምታ በላይ የምችል አይመስላቸውም ነበር፤ እኔም ነግሬያቸው አላውቅም። ናዝሬት ተወልዶ ኦሮምኛ የማይሰማ ማን አለና።

አንድ ጊዜ ከዝዋይ ጋር ክፉኛ ተጣላን። አንድ ሰው ከሻሸመኔ ተደውሎለት መጣ። ደዋዮቹ ቀድመው ለኔ ነግረውኛል፤ ወንድሙ አርፏል፣ ለሱ ግን ትንሽ አሞታል በይው ብለውኛል። ሰውየው መስኮቴ ላይ ተደግፎ «ምንድን ነው እህቴ? ንገሪኝ» ሲለኝ ነገርኩት። ሰው ጠየቀ፣ መለስኩ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ወሬው በሽቦው ከኔ ቀድሞ ዝዋይ ደርሷል። «አብደሻል?» አለችኝ። «ሞት በሽቦ ይነገራል? ሰው አጠገቡ ሳይኖር? የሚይዘው ሳይኖር?»

«በሽቦ አይደለም የነገርኩት፣ በአፌ ነው። ታዲያ አንቺ ብትሆኚ ታሟል ብለሽ መንገዱን ሁሉ ብርቱካን ይዞ እንዲሄድ ታደርጊው ነበር?»

«አዎ። ብርቱካኑን ይዞ ይድረስ። እዚያ ሽማግሌ አለ፣ ዘመድ አለ። ነግቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው መርዶ የሚነገር። ወግ የለሽም?»

«እኔን አትሸውጂኝ ብቻ። የሞተብኝ ዕለት ቁርጡን ንገሪኝ።»

«ምላስሽን ቁረጪው!» ብላ ገመዱን ነቀለችው።

የካቲት ነበር። በናዝሬት የካቲት ማለት ነፋስ ነው፤ አቧራው በበር ሥር ገብቶ ሰሌዳው ላይ ይተኛል። ያን ዕለት ጠዋት ሻሸመኔ ራሷ ጠራችኝ። አባቴ በቆሎ ጭኖ ተነሥቷል። ረዳቱ ወባ ይዞት እዚያው ቀርቷል፣ ብቻውን ነው። «ምላሳሟን ልጄን ሰላም በይልኝ ብለዋል» አለችኝ። «ምላሳም እኔ ነኝ ያልኩት፣ እሳቸው እንኳ ልጄን ነው ያሉት» ብላ ሳቀች።

ቡልቡላ መድረስ ያለበት ሰዓት ደረሰ። ጋሼን ጠራሁ። መልስ የለም። ጋሼ ወንበራቸውን ጥለው የሚሄዱ ሰው አይደሉም። ደግሜ ጠራሁ። ቆይተው መጡ፤ ትንፋሻቸው ይሰማል።

«ጋሼ፣ አባዬ አለፈ?»

«አላየሁም፣ ልጄ። አቧራ ነው… አቧራ ነው ዛሬ።» በኦሮምኛ አልጀመሩም፣ በኦሮምኛም አልጨረሱም።

ምንም አልጠረጠርኩም። ነፋስ ነው፣ የኛም ከተማ አይታይም። ሰው መጣ፣ ጥሪ አገናኘሁ፣ አንዱ ነጋዴ ከመቂ ጋር ስለ ቲማቲም ተጨቃጨቀ። ከዚያ ዝዋይን ጠራሁ።

«ዝዋይ! ሽማግሌው አለፉ ወይስ ባልሽ ጋ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል?»

«እህቴ» አለችኝ። «ምሳ በልተሻል?»

እህቴ ብላኝ አታውቅም። ምሳ መብላቴን ጠይቃኝ አታውቅም። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ቀዘቀዘ።

«ምን አገባሽ በምሳዬ? አለፈ ወይ?»

«ጎማ ፈንድቶባቸው ይሆናል፣ እህቴ። ይመጣሉ። አንቺ ብቻ አትጨነቂ።»

መቂን ጠራሁ። መቂ ከዝዋይ የባሰች ተሳዳቢ ናት፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትስቅ። «እናትሽ ደኅና ናቸው?» አለችኝ በለሆሳስ። ዓለም ጤናን ጠራሁ። «ይቅርታ እህቴ፣ መስመሩ ትንሽ አስቸግሮኝ ነው» አለችኝ። መስመሩ እንደ ብርጭቆ የጠራ ነበር። በአንድ ከሰዓት ያ ሁሉ ባለጌ መስመር ጨዋ ሆነብኝ። ያኔ ነው ያወቅሁት። አንዳቸውም ሳይነግሩኝ ሁሉም ነገሩኝ።

ዝዋይን እንደገና ሰካሁባት። «ቁርጡን ንገሪኝ ብዬሽ ነበር።»

ትተነፍሳለች፣ ይሰማኛል። ከኋላዋ የጋሪ ፈረስ ቃጭል ይሰማኛል።

«ዝዋይ!»

«ሥራ በዝቶብኛል፣ እህቴ» ብላ ነቀለችው።

አለቃችን ሻይ ይዞ መጣ። ያ ሰው ለሠራተኛ ሻይ አቅርቦ አያውቅም። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠልኝና ከኋላዬ ቆመ፣ አልሄደም። «ከደከመሽ ሌላ ሰው ላስገባ» አለኝ። ጓዲት አላለኝም። «አልደከመኝም» አልኩት። ከተነሣሁ እውነት የሚሆን መሰለኝ። ቁጭ ብዬ የሰው ጥሪ ማገናኘት ያዝኩ። «ሃሎ፣ ይናገሩ» እላለሁ። እነሱ ይናገራሉ።

እናቴ ከገበያ ስትመለስ መስኮቴ ጋ መጣች። ዘንቢሏ ውስጥ ሥጋ አለ፣ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፤ እሱ የሚመጣበት ቀን ስለሆነ።

«ያ ሰውዬ የት ደረሰ?»

ነግቶ፣ ሰው ተሰብስቦ ነው የሚነገር ስትለኝ ከዝዋይ ጋር ተጣልቼ ነበር። አሁን እናቴ ፊቴ ቆማ፣ ዘንቢሉ ከብዷት ትከሻዋ ዘንበል ብሎ፣ ከኋላዋ ነፋሱ ነጠላዋን እየገለበው፣ ያለ አንድ ሰው ብቻዋን ናት። እና የማውቀውም የማላውቀውም ነገር አፌ ውስጥ ነው።

«ዝዋይ ነው እማዬ። ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል አሉ። ይመጣል። አንቺ ፀሐዩ እንዳይመታሽ ግቢና ትንሽ አረፍ በይ።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ እናቴን አረፍ በይ ብያት አላውቅም። ያ ሰውዬ የት ደረሰ ስትለኝ «እኔ ነኝ የምነዳው?» ነው የምላት ሌላ ጊዜ።

«እሺ» አለችኝ። «እሺ፣ ልጄ።» ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።

ማታ ቤት ስገባ ሳሎኑ ባዶ ነው። ሶፋውን ጓሮ አውጥታዋለች፣ ጠረጴዛውን ግድግዳ አስጠግታዋለች፣ ምንጣፉን ጠቅልላ አቁማዋለች። ለቅሶ ለሚመጣ ሰው መቀመጫ እንደሚዘጋጀው። ሥጋው ሳይከተፍ ተቀምጧል። እሷ አላለቀሰችም። ማንም መጥቶ አልነገራትማ፤ ሳይነገር አይለቀስም። «ቤቱን ላጸዳው ብዬ ነው» አለችኝ። «ደግ አደረግሽ» አልኳት። እራት አቀረበችልኝ፣ አልበላሁም፣ ለምን አልበላሽም አላለችኝም። እንዲያ ሆነን፣ እሷም እኔ እንዳላወቅሁ፣ እኔም እሷ እንዳላወቀች ሆነን አደርን።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሽማግሌዎች፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ የኔ አለቃ፣ ጎረቤቶቻችን፤ ሁሉም ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። እናቴ በሩን ከፍታ «ግቡ፣ ቦታ አለ» አለቻቸው። ያን ጊዜ ነው የጮኸችው።

ሣጥኑ ተዘግቶ ነው የመጣው። እንዳይከፈት ተባልን። መኪናው ከቡልቡላ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ኩርባው ላይ ነው የተገለበጠው። ትራፊኩ የሰጠን ወረቀት ስለ መኪናው ብዙ ይላል። ስለ አባቴ፣ ሾፌሩ ሕይወቱ አልፏል ከማለት በቀር ምንም የለውም።

እናቴ ከዚያ በኋላ አንድ ጥያቄ ያዛት። ለቅሶ የመጣ ሁሉ ሲያወራ ቆይቶ ሲሄድ፣ እሷ ወደኔ ዞር ትላለች። «ብቻውን ነበር? ውሃ የሚያቀምሰው አግኝቶ ይሆን?» ትለኛለች። የሚሞት ሰው ጉሮሮው ሳይርስ ከሄደ እሷ ዘንድ ያ ሰው ገና መንገድ ላይ ነው፣ አልደረሰም። ሌሊት ተነሥታ ስትቀመጥ እሰማታለሁ። ቀን ደግሞ ውሃ ልትጠጣ ብርጭቆውን ታነሣና መልሳ ታስቀምጠዋለች። እየከሳች ሄደች። ጎረቤቶች በመድኃኔ ዓለም እያሉ ያስጎነጯታል።

አንድ ቀን ሥራ ልገባ ስል በር ላይ ያዘችኝ። «ለሰው ሁሉ ትጠይቂ የለም? የሽንኩርቱን፣ የዝናቡን? ለኔም ጠይቂልኝ።»

ጠየቅሁ። መጀመሪያ ዝዋይን ነው።

«ምነው አልነገርሽኝም?» ብዬ ነው የጀመርኩ። አልቻልኩማ።

«ብቻሽን ነበርሽ» አለችኝ። «ያንን ገመድ ይዘሽ ብትወድቂ ማን ያነሣሻል? እኔ ከዚህ እጄን ልዘረጋልሽ?» የውሃውን ነገር ጠየቅኋት። «ውሃውንማ… ወዲያው ነው ያረፉት ይላሉ፣ እህቴ። ምንም አልተሰቃዩም። ውሃም አላስፈለጋቸው።»

«ማን ነው ያለው?»

«ሰዎች።»

ድሮ ጋሪ ነጂው ትለኝ ነበር፣ ሻይ ሻጯ ትለኝ ነበር። አሁን «ሰዎች»።

መቂን ጠየቅሁ። ከአውቶቡስ የወረዱ አንድ ቄስ ደርሰው ነበር፣ ጸሎት አድርሰውላቸዋል፣ ጸበልም ይዘው ነበር አለችኝ። ሻሸመኔን ጠየቅሁ። ወደ ሐኪም ቤት ይዘዋቸው ሲሄዱ እያወሩ ነበር፣ ልጄ ልጄ ይሉ ነበር አለችኝና አለቀሰች። ጋሼን ጠየቅሁ። «ከሰል የምትሸጥ ሴት ናት የደረሰችለት» አሉኝ። «ውሃ ሰጥታዋለች፣ ጠጥቷል። ከዚያ እንደሚተኛ ሰው ተኝቷል።»

አንድ አባት ነው የሞተብኝ፤ ሽቦው ግን አራት ሞት መለሰልኝ። አንዱ ከአንዱ ያምራል። እያንዳንዳቸው ይሻላታል ያሉትን መርጠው ነው የሰጡኝ፤ ልክ ሥጋ ቤት ለወዳጅ ደኅናውን ሥጋ እንደሚያስቀምጡለት። ተናደድኩ። ማዳመጫውን ወርውሬ ወጣሁ። በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ቡልቡላ ስልክ ቤት አንዲት ክፍል ናት፣ ቆርቆሮዋ በፀሐይ ይንጫጫል። ጋሼ ከሰሌዳው ጀርባ ብድግ አሉ። ለካ አጭር ሰው ናቸው። በድምፃቸው ትልቅ ሰውዬ አድርጌ ነበር የሠራኋቸው። ጥቁር ልብሴን አዩ።

«ናዝሬት ነሽ?»

«ነኝ፣ ጋሼ። ሴትዮዋን አሳዩኝ።»

መስኮቱን ዘጉ፣ ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ በአስፋልቱ ጠርዝ ሄድን። አቢጃታ ከሩቅ እንደ ጨው ነጭቶ ይታያል። ኩርባው ጋ ሣሩ ላይ የበቆሎ ፍሬ ተበትኖ ወፍ ይለቅመዋል። ያንን ሳይ ቆምኩ፤ ጋሼ ክንዴን ይዘው ጎተቱኝ።

ሴትዮዋ ከግራር ሥር ከሰሏን በማዳበሪያ ከረጢት አቁማ ተቀምጣለች። ጋሼ ማን እንደሆንኩ ነገሯት። ብድግ ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ እጇ ሻካራና ጥቁር ነው። በኦሮምኛ ጀመረች። «ወይኔ ልጄን፣ እኛ እኮ ስንደርስ…»

«ሱታ» አሏት ጋሼ። ቀስ።

እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ ጀመረች። «ውሃ ሰጠሁ። ጠጣ። ተኛ።»

«በምን ሰጠሽው?» አልኳት።

«በጣሳ።»

«ጣሳው የታለ?»

ዙሪያዋን አየች፣ ከከረጢቶቹ ኋላ አየች። «ሰው ወሰደ» አለች።

«ስትደርሺ ይተነፍስ ነበር? ምን አለሽ? ምን ብሎ ጠየቀሽ?» በኦሮምኛ ነው ይሄን የጠየቅኋት። ጋሼ ደንገጥ ብለው አዩኝ። ሴትዮዋ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አልመለሰችልኝም። እጄን ግን አልለቀቀችም።

«ይበቃል፣ ልጄ» አሉ ጋሼ።

«እውነቱን ንገሩኝ፣ ጋሼ። እዚህ ድረስ የመጣሁት እንዲያባብሉኝ አይደለም። እናቴ ውሃ መጠጣት አቅቷታል።»

«እውነቱ ይሄ ነው።»

«ይማሉልኝ።»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙ። የጭነት መኪና መጣ፣ በአጠገባችን አለፈ፣ ልብሳችን ሁሉ በነፋሱ ተመታ። እሱ እስኪርቅ ቆዩ። «አባትሽ ሲያልፍ ሁሌ ጡሩንባ ይነፋልኝ ነበር» አሉኝ። «በመስኮት እጄን አወጣለታለሁ። እኔም ሐዘንተኛ ነኝ። ለእናትሽ ውሃ ጠጥቷል በያት። ቡልቡላ ነው ያለኝ በያት።»

አልማሉም። ነገር ደብቆ የሚዋሽ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይምሉልኝ ነበር ብዬ አስባለሁ አንዳንዴ። እውነት ቢሆን ኖሮ ይምሉልኝ ነበር ብዬም አስባለሁ። ሁለቱም ያስኬዳል፤ እኔ ከሁለቱ የቱ ጋ እንደምቆም አላውቅም። የመርዶን ወግ ጥፋቱ ሞትን ማቆየቱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሌላም አለው። አንዴ ለፍቅር ብሎ የዋሸህ ሰው፣ ከዚያ በኋላ እውነቱን ቢነግርህም የምታውቅበት መንገድ የለህም።

ቤት ስገባ እናቴ በር ላይ ናት። «ምን አሉሽ?»

«ውሃ ጠጥቷል» አልኳት። «ከሰል የምትሸጥ ሴት አጠጥታዋለች። ከዚያ ተኝቷል።»

«በምን አጠጣችው?»

«በጣሳ።»

«ተመስገን» አለች። ተቀመጠች። «ተመስገን። ጣሳ ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

ማድጋው ጋ ሄዳ ቀድታ ቆማ ጠጣች፣ ሲወርድ አንገቷ ላይ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ያቺን ሴት ከልጆቿ እኩል ታነሣታለች፤ ያጠጣችበት እጇ አይንጠፍ፣ ትላለች። ለፋሲካ የተሸመነላትን ነጠላ ከሣጥኗ አወጣች፣ አንድም ቀን ያልለበሰችውን፣ ጠቅልላ ወደዚያ ለሚወርድ ሾፌር ሰጠችው።

እኔ ወደ ሰሌዳው ተመልሻለሁ። ዝዋይ እንደገና ምላሳም ትለኛለች፤ ለመጀመር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀባት፣ እኔም መልስ ስመርጥ ቆይቻለሁ። ሰው ይመጣል፣ ይጠይቃል፣ እጠይቅለታለሁ። መልሱን እንደ ድሮው ፈጥኜ አልሰጥም። አፌ ላይ ትንሽ ይቆያል።

ነጠላው በሄደ በሳምንቱ ጋሼ ጠሩኝ። እናቴ መስኮቴ ጋ ቆማ ነበር፣ ለዚሁ ነው የመጣችው።

«ደርሷል፣ ናዝሬት» አሉኝ። «ሰጠኋት። ሴትዮዋ ነጠላውን ይዛ አለቀሰች። እንቢ አለች መጀመሪያ፣ አልቀበልም አለች። ብዙ አለቀሰች።»

ለምን እንቢ አለች ብዬ ልጠይቅ አፌን ከፈትኩ።

«ምን አሉሽ?» አለች እናቴ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ። «ወደደችው?»

ማዳመጫውን በእጄ ሸፈንኩት።

«ለብሳዋለች አሉ፣ እማዬ» አልኳት። «አምሮባታል አሉ።»